4 ኔማ 23 ሞተር ከዲኤም542 ጋር ማገናኘት፦ የሽቦ ቀለም፣ የሚንቀጠቀጥ ዋይ እና ኤክስ ላይ የሚጠራቀም ስህተት

ቁ. 1 | እንጨት ቆራጭ

ሰላም ለሁላችሁ። ለእንጨትና ለኤምዲኤፍ የሚሆን ባለ 3 አክሲስ (ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ) ራውተር፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን፣ ብረቱ ተገጣጥሞ አልቋል፤ አሁን ኤሌክትሪኩ ላይ ነኝ። ዕቃው ይህ ነው፦

– 4 ኔማ 23 ስቴፐር ሞተር (በእርምጃ የሚዞር)፣ 2.8 አምፔር፣ 2.5 ሚሊሄንሪ፣ ባለ 4 ሽቦ (ኤክስ አንድ፣ ዜድ አንድ፣ ዋይ ግራና ቀኝ)
– 4 ዲኤም542 ድራይቨር (ሞተሩን የሚነዳ ሳጥን)
– 36 ቮልት፣ 350 ዋት ፓወር ሰፕላይ
– አርዱይኖ ኡኖ ከጂአርቢኤል 1.1 (ማሽኑን የሚያዝ ፕሮግራም) ጋር፣ ሺልድ (ተደራቢ ሰሌዳ) የለውም
– በሁሉም አክሲስ 1605 ቦል ስክሩ (ዙርን ወደ ጉዞ የሚቀይር ብሎን)

ሞተሮቹ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ሰማያዊ ሽቦ አላቸው። አንዱ ሰው ጥቁርና አረንጓዴ ኤ ነው ይላል፣ ሌላው ቀይና ሰማያዊ። የቱን ልከተል? ድራይቨሩ ላይ ፑል (የእርምጃ ፐልስ)፣ ዲር (አቅጣጫ)፣ ኢና (ማብሪያና ማጥፊያ) የሚሉት እያንዳንዳቸው + እና − አላቸው፤ ከኡኖው ጋር እንዴት ይገናኛሉ? 8ቱ ትንንሽ ስዊቾችስ? ገመዱ ስንት ካሬ ይሁን?

ቁ. 2 | ባለቴስተር

ቀለሙን እርሳው። ጥቁርና አረንጓዴው አንድ ኮይል (የሽቦ ጥቅል)፣ ቀይና ሰማያዊው ሌላ ኮይል የሆነበት ሞተር ብዙ ነው፤ ግን ቀለም የሚመርጠው ፋብሪካው ስለሆነ እሱን አምኖ ድራይቨር ማብራት ቁማር ነው። በቴስተር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርግ። መጀመሪያ የራሱን ሁለት ጫፎች አነካካና የሚያሳየውን ያዝ፤ ገመዱ ብቻውን 0.2 ወይም 0.4 ኦም ሊያሳይ ይችላል፣ እሱን በኋላ ከንባብህ ትቀንሳለህ። ከዚያ አራቱን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረግህ ለካ። ባንተ ዓይነት ሞተር ወደ 1 ኦም የሚጠጋ ንባብ የሚሰጡህ ሁለት ጥንዶች ብቻ ናቸው። የቀረው ጥምረት ሁሉ ክፍት ነው። በመጨረሻ እያንዳንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ለካው፤ እዚያ ምንም መታየት የለበትም። ከታየ ውስጥ ያለው ጥቅል አካሉን ነክቷልና ሞተሩን ወደ ጎን አስቀምጠው።

ቴስተር የሌለው ሰው ደግሞ በጣቱ ማወቅ ይችላል። ከምንም ያልተገናኘ ሞተር ዘንጉ በቀላሉ ይዞራል። ሁለት ሽቦ አነካክተህ እንደገና ስታዞረው ከከበደህና ቆረጥ ቆረጥ እያለ ከሄደ እነዚያ ሁለቱ የአንድ ኮይል ናቸው። ሲዞር ጄኔሬተር ይሆናል፤ ሾርት በሆነው ኮይል ውስጥ የሚሄደው ከረንት ነው ዘንጉን የሚይዘው።

አንዱን ጥንድ ኤ+ እና ኤ− ላይ፣ ሌላውን ቢ+ እና ቢ− ላይ አስገባ። የትኛው ጥንድ ኤ ይባል፣ የትኛው ጫፍ + ይሁን የሚለው የሚቀይረው የመዞሪያውን አቅጣጫ ብቻ ነው። ጥፋቱ የአንዱን ኮይል ጫፍና የሌላውን ኮይል ጫፍ ኤ ላይ አብረህ ስታስገባ ነው።

ቁ. 3 | ሁለት ዜሮ

የዋይ ሁለቱ ሞተሮች ፊት ለፊት ስለሚተያዩ አንደኛው ላይ ኤ+ እና ኤ−ን ማገላበጥ እንዳትረሳ። አለበለዚያ ጋንትሪው (መቁረጫውን የተሸከመው ድልድይ) ይጣመማል።

ቁ. 4 | ባለቴስተር

ይሄ ለቤልትና ለጥርስ ሐዲድ ነው የሚሠራው። ቦል ስክሩ ላይ ሁለቱም ሞተሮች በማሽኑ አንድ ጫፍ ከተገጠሙ፣ ስክሩዎቹም ሁለቱም የቀኝ ጥርስ ከሆኑ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው መዞር ያለባቸው። አንዱን ብትገለብጠው ነው የሚጣመመው።

ደግሞ በግምት አትሥራው። ካፕሊንጉን (የሞተርና የስክሩ ማያያዣውን) ፈትተህ ሁለቱም ዘንግ ላይ እንደ ባንዲራ ናስትሮ ለጥፍና 5 ሚሊ ሜትር አዝዛቸው። 1605 ማለት 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ጉዞ ነው፤ ስለዚህ ባንዲራዎቹ ወደ አንድ ወገን ልክ አንድ ዙር ዞረው መጀመሪያ የነበሩበት ላይ መቆም አለባቸው። ከሄዱልህ በኋላ ነው ካፕሊንግ የሚጠብቀው።

ቁ. 5 | ካውያ

ስለ ገመድ የሚቀጥለውን ሳታነብ ምንም አታብራ፦ ድራይቨሩ በርቶ የሞተር ሽቦ አይነቀልም፣ አይሰካም። ኮይሉ ውስጥ ያለው ከረንት ድንገት ሲቆረጥ ቮልቴጁ ይዘልና የድራይቨሩን መውጫ ትራንዚስተሮች ያቃጥላል። መንቀል ካለብህ 220ውን አጥፋ፣ የድራይቨሩ አረንጓዴ መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ፤ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች ትንሽ ጊዜ ይዘው ይቆያሉ። በድራይቨርና በሞተር መሃል ስዊችም፣ ሪሌም፣ ፊውዝም አይገባም። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ በፓወር ሰፕላዩ የ220 መግቢያ በኩል ይሁን።

ያልጠበቀ ቪቴም ያው መንቀል ነው። ለዚህ ነው የሽቦውን ጫፍ በሊድ ነክሮ ቪቴ ስር ማሰር የማይመከረው። ሲታሰር የጠበቀ ይመስላል፤ ሊድ ግን ለስላሳ ስለሆነ በቪቴው ጫና ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ከሳምንታት በኋላ ይላላል፣ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ብልጭ ይላል፣ ድራይቨሩ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ፌሩል (ትንሽ የብረት ቱቦ) ጨምቅበት። ፌሩል ካጣህ የሽቦውን ክሮች አጥብቀህ ጠምዝዘህ ባዶውን እሰረውና ከሳምንት በኋላ ቪቴዎቹን እንደገና አጥብቅ። አንዲት ክር እንኳ ወደ ጎረቤት ቀዳዳ እንዳታመልጥ እይ።

ለሞተሩ ባለ 4 ሽቦ፣ ሺልድ (የብረት መሸፈኛ) ያለው ገመድ፣ 0.75 ካሬ ይበቃል። 5 ሜትር ርዝመት ደርሶ መልስ 0.23 ኦም ገደማ ነው የሚጨምረው፤ በ36 ቮልት ላይ አይታይም። 1 ካሬም ጥሩ ነው፣ ግን በኬብል ቼይን ውስጥ ከሚታጠፍ ወፍራምና ደረቅ ገመድ ይልቅ ቀጭን ክሮች ያሉት 0.75 ይሻላል። ሺልዱን በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ በኩል ብቻ ከኧርዝ ጋር እሰረው፣ በሞተሩ በኩል ቆርጠህ በናስትሮ ሸፍነው። ሁለቱም ጫፍ ከታሰረ ሺልዱ ራሱ ከረንት መመላለሻ ይሆናል።

ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ድራይቨሮቹ ደግሞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀጠልክ አትሂድ። ለእያንዳንዱ ድራይቨር የራሱ + እና − ጥንድ ከፓወር ሰፕላዩ ተርሚናል ይነሳ፤ ሁለቱን እርስ በርስ ጠምዝዛቸው፤ 1 ወይም 1.5 ካሬ። ድራይቨሩ + እና − ቢገለበጥበት አይምርም፣ ሁለት ጊዜ እይ።

እና ከማብራትህ በፊት የፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ያለችው የ110/220 መምረጫ 220 ላይ መሆኗን በካቻቢቴ አረጋግጥ። የኧርዝ ሽቦውን ሶኬቱ ጋ ኧርዝ የለም ብለህ አትተወው። የእነዚህ ፓወር ሰፕላዮች ማጣሪያ ካፓሲተሮች ኧርዝ ካላገኙ የቆርቆሮ አካሉን ግማሽ ቮልቴጅ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ማሽኑን ስትነካ የሚነዝርህ እሱ ነው። የማሽኑ ብረትም ከዚያው ኧርዝ ጋር ይታሰር።

ቁ. 6 | ሁለት ዜሮ

350 ዋት ለ4 ሞተር ያንሳል። 4 ሲባዛ 2.8 ከ11 አምፔር በላይ ነው፣ የሱ ፓወር ሰፕላይ 9.7 ነው የሚሰጠው። ደግሞ 48 ቮልት ቢሆን ፈጣን ይሆናል።

ቁ. 7 | ሚክሮን

አያንስም። የሞተሩ 2.8 አምፔር ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ አይደለም። ድራይቨሩ 36 ቮልቱን እየቆራረጠ ነው የሚልከው፤ 1 ኦም ኮይል ውስጥ 2.8 አምፔር ለማስኬድ 3 ቮልት ገደማ ነው የሚበቃው፣ ስለዚህ ቆሞ ያለ ሞተር ከ36 ቮልቱ የሚስበው በጣም ጥቂት ነው። የተለመደው ስሌት የሞተሮቹ ከረንት ድምር ሁለት ሦስተኛ ነው፦ 11.2 ሲባዛ ሁለት ሦስተኛ፣ 7.5 አምፔር። 9.7 አለው።

ቮልቴጁን በተመለከተ ሌላ የታወቀ ቀመር አለ፤ 32 ሲባዛ የኢንዳክታንሱ ስኩዌር ሩት በሚሊሄንሪ። ለ2.5 ሚሊሄንሪ 50 ቮልት ያወጣል፣ ሞተሩ 48ን ይችላል ማለት ነው። የማይችለው ድራይቨሩ ነው። ዲኤም542 ጣሪያው 50 ነው፤ ከባድ ጋንትሪ በፍጥነት ሲቆም ሞተሮቹ ጄኔሬተር ሆነው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይመልሳሉ፣ 48 ላይ የምትቀርህ 2 ቮልት ናት። 36ህን ይዘህ ተቀመጥ።

አሁን ስዊቾቹ። ከ1 እስከ 3 ከረንት ናቸው፣ 4 ቆሞ ሲጠብቅ ያለው ከረንት፣ ከ5 እስከ 8 ማይክሮስቴፕ (የሞተሩን እርምጃ መከፋፈያ)። ሳጥኑ ላይ የታተመውን ሰንጠረዥ ተከተል፤ ብዙዎቹ ላይ 1 ኦን፣ 2 ኦን፣ 3 ኦፍ ማለት 2.84 አምፔር ፒክ (ጫፉ) ነው፣ በአርኤምኤስ (ውጤታማ አማካዩ) 2.03። የሞተሩ 2.8 የሚነበበው እንደ አርኤምኤስ ስለሆነ 2.84 ላይ ከሙሉ ጉልበቱ በታች ነው። ከሱ ጀምር። ጉልበት ካነሰህ ወደ 3.31፣ ከዚያ ወደ 3.76 ውጣ፤ በየደረጃው ግማሽ ሰዓት አሠርተህ ሙቀቱን እይ። እጅ ለረጅም ጊዜ የማያስቀምጥ 60 እና 70 ዲግሪ ለስቴፐር የተለመደ ነው፣ አትደንግጥ። ስዊች 4ን ኦፍ ተወው፤ ሞተሩ ሲቆም ከረንቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል።

ማይክሮስቴፑን በአንድ ዙር 1600 አድርገው፦ 5 ኦፍ፣ 6 ኦፍ፣ 7 ኦን፣ 8 ኦን፣ አሁንም ከሳጥኑ ሰንጠረዥ ጋር አስተያይ። 1600 ሲካፈል ለ5 በሚሊ ሜትር 320 ይመጣል፤ በጂአርቢኤል ቅንብር ውስጥ የኤክስ፣ የዋይና የዜድ የሆኑት $100፣ $101 እና $102 ሦስቱም 320 ይሁኑ። ለምን 3200 አልሆነም ካልክ፣ በደቂቃ 3000 ሚሊ ሜትር ስትሄድ በ320 በሰከንድ 16,000 ፐልስ ነው የሚያስፈልግህ። በ640 32,000 ይሆናል፤ ኡኖ ላይ ያለ ጂአርቢኤል ደግሞ 30,000 አካባቢ ነው የሚያልቅበት። ማይክሮስቴፕ ሲጨመር ትክክለኛነት ይጨምራል የሚለው ወሬ ሌላ ውይይት ይፈልጋል።

ሲግናሉ፦ ፑል−ን እና ዲር−ን ሁሉንም ሰብስበህ ከኡኖው ግራውንድ ጋር። ፑል+ ለኤክስ ከፒን 2፣ ለዋይ ከ3፣ ለዜድ ከ4። ዲር+ ከ5፣ ከ6፣ ከ7። የኡኖው 5 ቮልት ለድራይቨሩ በቀጥታ ይበቃል፤ ተጨማሪ ሬዚስተር የሚያስፈልገው በ12 ቮልት ሲግናል (1 ኪሎ ኦም) ወይም በ24 (2 ኪሎ ኦም) ሲሆን ነው። ኢናን ባዶ ተወው። ምንም ካልገባበት ድራይቨሩ እንደበራ ይቆያል፤ ከረንት ሲገባበት ነው የሚጠፋው። ይሄ ብዙ ሰው የሚገለበጥበት ነው።

ቁ. 8 | ካውያ

ሚክሮን፣ አንድ ነገር አልፈሻል። ዋይ ላይ ሁለት ድራይቨር በአንድ ፒን ነው የሚነዳው። አንዱ ድራይቨር መግቢያ ከ10 እስከ 13 ሚሊ አምፔር ይጠጣል፣ ሁለቱ እስከ 26። የኡኖው ፒን ምቾቱ 20 ነው፣ 40 ጫፉ። 74ኤችሲቲ245 (ሲግናል የሚያጠናክር ቺፕ) መሃል ማስገባት ይሻላል፤ 8 መስመር አለው፣ የሚያስፈልገውም ልክ 8 ነው፦ ለ4 ድራይቨር ፑልና ዲር።

ቁ. 9 | ሚክሮን

ልክ ነህ፣ ዋይን ዘልየዋለሁ። ኤችሲቲው ግን በፒን ቢችልም በጠቅላላ አይችልም፤ በቪሲሲው (የኃይል መግቢያው) በኩል እንዲያልፍ የሚፈቀደው 70 ሚሊ አምፔር ነው፣ ስምንቱም አንድ ላይ ሲበሩ ከ80 እስከ 104 ይሄዳል። 74ኤሲቲ245 ይሁን፤ የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ነው። እግር 20 ወደ 5 ቮልት፣ 10 ወደ ግራውንድ፣ እግር 1 ወደ 5 ቮልት (አቅጣጫው ከኤ ወደ ቢ እንዲሆን)፣ እግር 19 ወደ ግራውንድ። መግቢያዎቹ ከ2 እስከ 9፣ መውጫዎቹ ከ18 ወደ 11 እየወረዱ ነው፤ 2 የገባው በ18 ይወጣል፣ 3 በ17። ፒን 3ን ሁለት መግቢያ ላይ አድርግ፣ ፒን 6ንም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ የዋይ ድራይቨር የራሱ መውጫ ይኖረዋል። በ20 እና በ10 መሃል፣ ከቺፑ አጠገብ፣ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር።

ቁ. 10 | ሳንቲም

ይቅርታ ውይይቱን ልጥለፍ። ከአሮጌ ማሽን የወጣ ባለ 8 ሽቦ ኔማ 23 እና ባለ 6 ሽቦ አንድ አሉኝ። በዲኤም542 ይሠራሉ?

ቁ. 11 | ባለቴስተር

ይሠራሉ። ባለ 8ቱ አራት ግማሽ ኮይል አለው። ሁለት ሁለቱን በፓራለል ካገናኘሃቸው የተጻፈበት የዩኒፖላር (በግማሽ ኮይል ሲነዳ) ከረንት 1.4 እጥፍ ትሰጠዋለህ፣ ፍጥነት ላይ ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፤ በሲሪስ ካገናኘሃቸው 0.7 እጥፍ ይበቃዋል፣ ግን ኢንዳክታንሱ የአንዱ ግማሽ ኮይል 4 እጥፍ ስለሚሆን ፍጥነት ላይ ቶሎ ይደክማል። ለራውተር ፓራለል። የኮይሎቹን መነሻና መድረሻ ካላወቅክ ግን አታገናኝ፤ ሁለቱ ግማሾች ተገላቢጦሽ ከተገናኙ ይሻሻራሉ፣ ሞተሩ እየሞቀ ዝም ይላል። የፋብሪካውን ሥዕል ፈልግ።

ባለ 6ቱ ቀላል ነው፦ መሃከለኛው ሽቦ ወደ ሁለቱም ጫፍ እኩል ኦም ያሳያል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደግሞ እጥፉን። ከመሃል እስከ አንዱ ጫፍ ተጠቀምና የቀሩትን ሁለት ጫፎች ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልል። እርስ በርስ አታስራቸው፤ ሞተሩ ሲዞር እነሱም ቮልቴጅ አላቸው።

ቁ. 12 | እንጨት ቆራጭ

እናመሰግናለን። ሁሉም ተገናኝቶ በርቷል፣ ቺፑም ገብቷል። ኤክስና ዜድ ሄዱ። ሁለት ችግር ቀርቷል።

አንደኛ፣ የቀኙ ዋይ ሲታዘዝ ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል፣ አይዞርም። ሌላ ሞተር በዚያው ድራይቨር ላይ በአጭር ሽቦ ሲሰካ ይዞራል። (አጥፍቼ ነው የነቀልኩት፣ ካውያ።)

ሁለተኛ፣ ኤክስ ላይ ስፋት ያለው ቦታ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ሲፍቅ ሥራው ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። መጨረሻ ላይ ወደ ዜሮ ተመለስ ሲባል ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ስቶ ይቆማል።

ቁ. 13 | ካውያ

ለመጀመሪያው፦ በሌላ ሞተርና በአጭር ሽቦ ከዞረ ድራይቨሩም፣ ሲግናሉም፣ ስዊቹም ነጻ ናቸው። የቀረው ገመዱ፣ ማገናኛውና ሞተሩ ነው። እየተንቀጠቀጠ የማይዞር ስቴፐር ሁለት ምክንያት አለው፦ ወይ አንዱ ኮይል ተቋርጧል፣ ወይ የኤና የቢ ሽቦ ተቀላቅሏል።

አጥፋ፣ መብራቱ ይጥፋ፣ የድራይቨሩን አረንጓዴ ተርሚናል ነቅለህ አውጣ፤ ገመዱ ሳይፈታ አብሮ ይወጣል። እዚያው ተርሚናሉ ላይ በቴስተር ኤ+ ከኤ− ለካ፣ ቢ+ ከቢ−። ሞተሩ ጋ ብቻ ከለካህ የገመዱን ጥፋት አታይም፣ መለኪያው ከድራይቨሩ ጫፍ ነው። እየለካህ ገመዱን በሙሉ እየጨበጥክ፣ በተለይ ክቡ ባለ 4 እግር ማገናኛ ጋ፣ ወዘወዝ አድርገው። ንባቡ ከዘለለ ጥፋቱን አገኘኸው። እነዚያ ማገናኛዎች ውስጥ ያለው ብየዳ ሽቦው በደንብ ሳይሞቅ ሊዱ ላዩ ላይ ብቻ ጠብ ብሎ ይቀራል፤ ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ሲጎትቱት ይወጣል።

ቁ. 14 | ሁለት ዜሮ

ሁለተኛው ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) ነው። የስፒንድሉ (የመቁረጫው ሞተር) ቪኤፍዲ (ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ገመድ ከሲግናሉ ጋር በአንድ ቼይን ነው የሚሄደው አይደል? ለያቸው። ካልሆነ ደግሞ የቦል ስክሩው ልቅነት ነው።

ቁ. 15 | ሚክሮን

ልቅነት አይጠራቀምም። አንድ ጊዜ 0.1 ከሳተ ሺህ ጊዜም 0.1 ነው የሚስተው፤ ሥራው እየራቀ እየራቀ ከሄደ ሌላ ነገር ነው። ኖይዝ ሊሆን ይችላል፤ ግን ኖይዝ ሥርዓት የለውም፣ አንዴ 0.3 አንዴ 2 ይስታል። ገመዶቹን መለየቱ ለማንኛውም ደግ ነው፤ መገናኘት ግድ ከሆነ በመስቀልያ ይተላለፉ።

ከመጠርጠር መለካት። ስፒንድሉን አጥፋ። ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን መዛነፍ የሚለካ መሣሪያ) ኤክስ ላይ ደግፈህ ዜሮ አድርግ። አንድ ፋይል አዘጋጅ፦ ጂ1 ኤክስ10 ኤፍ1000 (በደቂቃ 1000 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ሂድ)፣ ቀጥሎ ጂ1 ኤክስ0፤ ይህን ጥንድ 200 ጊዜ ደጋግመው፣ ጂአርቢኤል መደጋገሚያ ትእዛዝ ስለሌለው 400 መስመር ይሆናል። ዳያሉ እንዳይመታ መሄጃው ከሱ የሚርቅበት ወገን ይሁን። አሂደው፣ ንባቡን ጻፍ። በኤፍ300 ድገመው። ከዚያ 300 ሚሊ ሜትር አንድ ጊዜ ሂድና ተመለስ፣ እሱንም ጻፍ።

ፍጥነቱ ሲቀንስ ስህተቱ ከቀነሰ ሞተሩ እየተሸነፈ ነው፤ $120ን (የኤክስ ማጣደፊያውን) ዝቅ አድርግ ወይም ከረንት ጨምር። በርቀት ልክ ካደገ ካፕሊንጉ ይንሸራተታል። በመመላለሱ ቁጥር ልክ ካደገ ሌላ ወሬ አለን።

ቁ. 16 | እንጨት ቆራጭ

የቀኙ ዋይ፦ ቢ− ማገናኛው ውስጥ ብየዳው ለቆ ነበር። ተሠራ፣ ዞረ።

ኤክስ፦ 200 ምልልስ በኤፍ1000፣ 1.25 ሚሊ ሜትር። በኤፍ300፣ 1.25። 300 ሚሊ ሜትር አንዴ ደርሶ መልስ፣ ዳያሉ ዜሮ ላይ ነው። ስፒንድሉ በሁሉም ጠፍቶ ነበር።

ቁ. 17 | ሚክሮን

1.25ን ለ200 አካፍለው፤ በአንድ ምልልስ 0.00625። አንዱ ማይክሮስቴፕህ 1 ሲካፈል ለ320፣ 0.003125 ነው። በአንድ ምልልስ ልክ 2 ማይክሮስቴፕ። ኖይዝ እንዲህ አይቆጥርም።

የሚሆነው ይህ ነው። ጂአርቢኤል አቅጣጫ ሲቀይር የዲርን መስመር ለውጦ ወዲያው፣ ከ1 ማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ ፑልን ይተኩሳል። የዲኤም542 ቤተሰብ ግን ዲር ከፑሉ ቢያንስ 5 ማይክሮሰከንድ ቀድሞ እንዲደርሰው ይፈልጋል። በዚያ ላይ በርካሾቹ ውስጥ የዲር መስመር ኦፕቶከፕለር (ሲግናሉን በኤልኢዲ ብርሃን የሚያሻግር ክፍል) ዘገምተኛ ነው፤ ሲበራ ቶሎ ይበራል፣ ሲጠፋ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ከሁለቱ የአቅጣጫ ለውጦች በአንደኛው ብቻ የመጀመሪያው ፑል በድሮው አቅጣጫ ይቆጠራል። ወደ ኋላ መሄድ የነበረበት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፦ ልዩነቱ ሁለት። በሁለቱም ለውጥ ቢሳሳት ኖሮ እርስ በርስ ይጣፋ ነበር፣ አታየውም። ኤክስ ላይ ብቻ የታየህ ሥራህ የሚመላለሰው በኤክስ ስለሆነ ነው፤ ዋይም ዜድም ያው በሽታ አለባቸው።

መፍትሔው ሽቦ አይነካም። ድራይቨሮቹ ጠፍተው ሳለ $2=7 ጻፍና ኡኖውን ሪሴት አድርግ። 7 ማለት የኤክስ 1፣ የዋይ 2፣ የዜድ 4 ድምር ነው፤ የሦስቱም ፑል ይገለበጣል። አሁን መስመሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ሲተኮስ ለ$0 (የፐልሱ ርዝመት በማይክሮሰከንድ) ያህል ዝቅ ይልና ይመለሳል። ድራይቨሩ የሚቆጥረው ወደ ላይ የሚነሳውን ጠርዝ ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን የሚመጣው ከዲር በኋላ 10 ማይክሮሰከንድ ቆይቶ ነው። $0 10 መሆኑን እይ።

ቁ. 18 | ካውያ

ቆይ፣ ሁሉም ቦታ የሚባለው +ዎቹ ከ5 ቮልት ጋር ሲታሰሩ ነው $2ን ገልብጥ የሚለው። እሱ −ዎቹን ነው ያሰረው።

ቁ. 19 | ሚክሮን

የሚባለው እሱ ነው፣ እና ተገልብጦ ነው የሚባለው። +ዎቹ 5 ቮልት ላይ ሲታሰሩ ኤልኢዲው የሚበራው ፒኑ ዝቅ ሲል ነው። $2=0 ላይ ፒኑ ከፍ ብሎ ተመልሶ ዝቅ ሲል፣ ማለትም በፐልሱ መጨረሻ፣ ነው ድራይቨሩ የሚቆጥረው። 10 ማይክሮሰከንዱ ሳይነኩት አለ። $2=7 ሲያደርጉት ያጡታል። የእሱ ሽቦ አይነካም ያልኩት ለዚህ ነው እንጂ +ዎቹን አስሮ $2=0 ማድረግም እዚያው ያደርሳል።

ሦስተኛው መንገድ የጂአርቢኤል ኮንፊግ ፋይል ውስጥ የተዘጋውን የስቴፕ ፐልስ ዲሌይ መስመር ከፍቶ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው። ጉዳዩ በአንድ ቁጥር ካለቀ አያስፈልግም።

ቁ. 20 | እንጨት ቆራጭ

$2=7፣ $0=10። 200 ምልልስ፦ ዳያሉ ከዜሮ አልተነቃነቀም። 1000 ምልልስ (በኤፍ2000)፦ 0.01። ዋይንም ዜድንም እንዲሁ ለካኋቸው፣ ንጹህ ናቸው።

አንድ የቀረ፦ ኡኖው ዩኤስቢ ሲሰካ ሞተሮቹ ትንሽ ቁርጥ ይላሉ። ችግር ነው?

ቁ. 21 | ባለቴስተር

ኡኖው ሲነሳ ፒኖቹ ለጊዜው ባለቤት የላቸውም፣ ከዚያ $2=7 ወደ ላይ ያነሳቸዋል። ያቺ መነሳት ለድራይቨሩ አንድ ፑል ናት። መጀመሪያ ኡኖውን አስነሳ፣ ቀጥሎ 36 ቮልቱን አብራ፣ ዜሮህን ከዚያ በኋላ ያዝ። ስታጠፋ ደግሞ 36ቱ ይቅደም። ከ245ቱ መግቢያዎች ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ብትጨምርባቸው ሲነሳ የሚንሳፈፈው ይቀርልሃል፤ ያቺ አንድ ፑል ግን ትኖራለች፣ ቅደም ተከተሉን አትተው።